ሕፃኑ ከእናቱ ጀርባ ሳይወርድ፦ ጨቅላዎችንና ልጆችን በድንገተኛ ክፍል እንዴት እንመርምር?

ምርመራው የሚጀምረው ልጁ አልጋ ላይ ሲተኛ አይደለም። እናቱ በሩን ስታልፍ ነው። ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ አንገቱን ይዟል ወይስ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ወድቋል? ዓይኑ ሰው ይከተላል ወይስ ፈዟል? እጁ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጧል ወይስ ተንጠልጥሏል? ይህን ለማየት ስቴቶስኮፕ አያስፈልግም። ካርድም አያስፈልግም። ከወረቀቱ ላይ ቀና ማለት ይበቃል።

የምሠራው መሀል አዲስ አበባ፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ከፒያሳ፣ ከመርካቶ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ እናቶች በሚኒባስ፣ በላዳ፣ አንዳንዴም ልጁን ታቅፈው በእግራቸው እየሮጡ ይመጣሉ። ይህን የምጽፈው አዲስ ለሚመደቡ ነርሶች፣ ለኢንተርኖች፣ ለጤና መኮንኖች፣ ለአዋላጆችና ለአምቡላንስ ባለሙያዎች ነው። ወላጅ ቢያነበውም ደስ ይለኛል። የትኛው ምልክት እስኪነጋ እንደማይጠበቅበት ያውቅበታል።

አንደኛ፦ ሳትነኩ እዩ

ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ልጁ እናቱ እቅፍ ውስጥ ይቆይ። ነጭ ጋውን ሲያይ ክትባት ትዝ የሚለው የሁለት ዓመት ልጅ ገና ስትጠጉት ያለቅሳል። አንዴ ካለቀሰ ደግሞ ትንፋሹም የልብ ምቱም የሚነግራችሁ ስለ ፍርሃቱ እንጂ ስለ ሕመሙ አይደለም።

በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ነገር እዩ። ሁኔታውን፣ አተነፋፈሱን፣ የቆዳውን ቀለም።

ሁኔታው ስል፦ ይንቀሳቀሳል? ሰውነቱ ጠንከር ያለ ነው ወይስ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዝለፍልፏል? ሰው ያያል? ለቅሶው ኃይል አለው ወይስ ጭል ጭል የሚል ነው? እናቱ ስታባብለው ይረጋጋል? ይቺን የመጨረሻዋን አትለፏት። ሲታቀፍ ዝም ማለት ሲገባው ሲነኩትና ሲያነሱት ጭራሽ የሚብስበት ሕፃን ማጅራት ገትር ሊኖርበት ይችላል። መነካቱ ራሱ ያመዋል።

ወረፋ ላይ የሚጮኸው ልጅ የሁሉንም ጆሮ ይይዛል። ዘመዶቹም "ኧረ ልጁ አለቀ!" እያሉ ይገፋሉ። ግን እንደዚያ መጮህ የቻለ ልጅ አየር መንገዱ ክፍት ነው፣ አየር ያስገባል፣ ነቅቷል። እኔን የሚያስፈራኝ ጥግ ይዞ ዝም ያለው ነው። እናቱ "እሱ ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም" የምትለው። ጨዋነቱ ከዛሬ ጠዋት የጀመረ ከሆነ ጨዋነት አይደለም። ቶሎ ተቀበሉት።

አተነፋፈሱን ከሩቅ ስታዩ አፍንጫው በየትንፋሹ እየተከፈተ ነው? ጭንቅላቱ ከትንፋሹ ጋር ይነቀነቃል? ጆሯችሁንም ስጡት። አየር ሲያወጣ በየትንፋሹ "እህ፣ እህ" እያለ የሚያቃስት ሕፃን ሳንባው እንዳይከደንበት እየታገለ ነው። አየር ሲያስገባ የሚሰማ ሻካራ ድምፅ ችግሩ ላይኛው አየር መንገድ፣ ጉሮሮ አካባቢ መሆኑን ይጠቁማል። ሲያወጣ የሚሰማ ፉጨት ደግሞ ታች፣ ሳንባው ውስጥ ነው።

ቀለም ላይ ትንሽ ልቆይ። መጻሕፍት "ሰማያዊ ሆነ"፣ "ነጣ" ይላሉ። የእኛ ልጆች ቆዳ ግን ይህን ይደብቃል። ስለዚህ ፊት ላይ አትፈልጉት። ኦክስጅን ማነሱን ምላስና ድድ ላይ እዩ። ደም ማነሱን መዳፍ ላይና የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። የልጁን መዳፍ ከእናቱ መዳፍ ጎን አድርጋችሁ ማስተያየት ብዙ ጊዜ ጥርጣሬን ይቆርጣል። የዓይን ቢጫነትን በአምፖል ብርሃን አትፍረዱ። መስኮት አጠገብ ውሰዱት። ትኩሳት ያለበት ልጅ ቆዳው ላይ ስትጫኑት የማይጠፋ ነጠብጣብ ካለ አደገኛ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ይህ ቶሎ አይታይም፤ መዳፉን፣ የእግሩን ውስጥ፣ የዓይኑን ሽፋንና ላንቃውን ፈትሹ።

ሁለተኛ፦ ካርዱ ይቆይ

የዓለም ጤና ድርጅት የልጆች ትሪያጅ፣ ማለትም ማን ቀድሞ ይታከም የሚለው ልየታ፣ ሦስት ምድብ አለው። አሁኑኑ የሚታከም፣ ቅድሚያ የሚሰጠው፣ ወረፋ ሊጠብቅ የሚችል።

አሁኑኑ የሚታከመው የማይተነፍስ ወይም አየር መንገዱ የተዘጋ፣ ለመተንፈስ በጣም የሚታገል፣ ምላሱ የጠቆረ፣ ሾክ ውስጥ የገባ (ደም ዝውውሩ ክፉኛ የተዳከመ)፣ ራሱን የሳተ፣ እየተንቀጠቀጠ ያለ፣ ወይም በተቅማጥ ክፉኛ ፈሳሽ ያለቀበት ልጅ ነው። ከእነዚህ አንዱ በቂ ነው። ሁለተኛ ምልክት አትፈልጉ። ሰው ጥሩ፣ ኦክስጅን ክፈቱ፣ ሥራ ጀምሩ። ካርዱን አባትየው ወይም ፖርተሩ በኋላ ያወጣዋል።

ቅድሚያ የሚሰጣቸው ከ2 ወር በታች ያሉ ሕፃናት ሁሉ ናቸው። ደህና ቢመስሉም። ከእነሱ ቀጥሎ በጣም የሚያተኩሳቸው፣ የተቃጠሉ፣ አደጋ የደረሰባቸው፣ መርዝ የጠጡ፣ ከባድ ሕመም የሚሰማቸው፣ መዳፋቸው የነጣ፣ የተነጫነጩ ወይም የደነዘዙ፣ የከሱ፣ ሁለት እግራቸው ያበጠ፣ ከሌላ ጤና ተቋም ሪፈር ተጽፎላቸው የመጡ።

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ቦታ "መጀመሪያ ካርድ አውጡ" የሚል ልማድ ነበር። አንድ ቀን አባትየው መስኮቱ ጋ ብር ሲቆጥር ልጁ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እናቱ ጭን ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኛ ባለሙያዎቹ አላየነውም። ያየችው ኮሪደሩን የምታጸዳው ሠራተኛ ናት። መወልወያዋን ጥላ ልጁን ከነእናቱ እየጎተተች አስገባችልን። ልጁ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ በደረስኩበት ሁሉ ለጥበቃው፣ ለካርድ ክፍሉ፣ ለጽዳቷ አራት ነገር አስተምራለሁ። የሚንቀጠቀጥ፣ የማይነቃ፣ ለመተንፈስ የሚታገል፣ ጡት ወይም ውሃ አልወስድ ያለ። ይህን ካያችሁ ማንንም ሳትጠይቁ አስገቡ።

ሦስተኛ፦ ልብሱን ፍቱና ትንፋሽ ቁጠሩ

ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አንዲት እናት የአምስት ሳምንት ልጇን በብርድ ልብስ፣ በፎጣ፣ ከላይ ደግሞ በጋቢ ጠቅልላ መጣች። እኔ አዲስ ነርስ ነኝ። ልጁን እንዳይበርደው ብዬ በጋቢው ላይ እጄን አስቀምጬ ቆጠርኩ። በግማሽ ደቂቃ 22። በሁለት አባዝቼ 44 ብዬ ጻፍኩ። አንጋፋዋ ሲስተር ወረቀቱን አይታ ዝም አለች። መጣች፣ እጇን አሻሽታ አሞቀች፣ ጋቢውን፣ ፎጣውን፣ ብርድ ልብሱን አንድ በአንድ ፈታች። ትንሿ ደረት ተገለጠች። ከጎድኑ በታች ያለው ሥጋ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። 72። "ጋቢ አይተነፍስም" አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። እስከ ዛሬ ግን ይሰማኛል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ልጁ ሲረጋጋ፣ ቢቻል ጡት ሳይጠባ፣ ደረቱና ሆዱ ተገልጦ፣ ሰዓት ይዛችሁ ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። ሕፃን የሚተነፍሰው በሆዱ ስለሆነ ሆዱን እዩ። ፈጣን ትንፋሽ የሚባለው፦

ከ2 ወር በታች፦ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ
ከ2 ወር እስከ 12 ወር፦ 50 እና ከዚያ በላይ
ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት፦ 40 እና ከዚያ በላይ

ከ2 ወር በታች ያለው 60 ከሞላ ደግማችሁ ቁጠሩ፤ የጨቅላ ትንፋሽ ወጣ ገባ ይላል። ለ5 ወይም ለ8 ሰከንድ ቆም ብሎ መቀጠልም ያለ ነው። 20 ሰከንድ ካለፈ፣ ወይም በቆመበት ከጠቆረ ግን አደጋ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ሲታገል የነበረ ልጅ ትንፋሹ በድንገት ሲቀንስ "ተሻለው" አትበሉ። ፊቱን እዩ። ከነቃ፣ ከተጫወተ፣ ጡት ከያዘ ተሽሎታል። ከደነዘዘ ግን ደክሞ ነው፤ ሊያቆም ነው። አምቡ ባጉን፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን ከረጢት፣ አቅርቡ።

አሁን የጣት ኦክስጅን መለኪያውን አድርጉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ጤነኛ ልጅ እዚህ 93 ወይም 95 ቢያሳይ አይግረማችሁ። ከ90 በታች ከሆነ ግን ከፍታው ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ኦክስጅን ስጡ። መለኪያው ቀዝቃዛ ጣት ላይ ይዋሻል። እንሶስላ የሞቀች ልጅ ጣት ላይም ሊሳሳት ይችላል፤ ጆሮዋ ላይ ሞክሩት። ለጨቅላ የእግሩ ውጪ ጎን ላይ ጠምጥሙት። የሚያሳየው የልብ ምት እናንተ ከቆጠራችሁት ጋር ካልገጠመ የኦክስጅኑንም ቁጥር አትመኑት። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማሳየት ጠባይም አለው። ስለዚህ 91 አሳይቶ ልጁ እያቃሰተ ከሆነ ልጁን እመኑ።

አራተኛ፦ ደሙ እየዞረ ነው?

የልጁን አውራ ጣት ጥፍር ለ3 ሰከንድ ተጫኑና ልቀቁ። ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ችግር አለ። ክረምት ላይ ከውጭ የገባ ልጅ እጁ በብርድ ብቻ ሊዘገይ ይችላል። ያን ጊዜ ደረቱ መሀል፣ አጥንቱ ላይ ተጫኑ። ከዚያ የእጃችሁን ጀርባ ከእግሩ ጣት ጀምራችሁ ወደ ላይ አስኪዱት። ቅዝቃዜው የት ያበቃል? ቁርጭምጭሚት ላይ? ጉልበት ላይ? ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ነገሩ ከብዷል።

የልብ ትርታን ከ1 ዓመት በታች ክንዱ ውስጠኛ በኩል ፈልጉ። አንገታቸው አጭርና ወፍራም ስለሆነ እዚያ አይገኝም። በእረፍት ላይ ሆኖ ከ1 ዓመት በታች ከ160 በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ከ140 በላይ ፈጣን ነው። ለቅሶና ትኩሳትም ያፈጥኑታል፤ ሲረጋጋ ድገሙት።

ሾክ ለማለት ሦስቱም ይሟሉ። እጅና እግር ቀዝቃዛ፣ ቀለም ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ፣ ትርታው ደካማና ፈጣን። ይህን አጥብቄ የምናገረው ምክንያት ስላለኝ ነው። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ከ3 ሺህ በላይ በጠና የታመሙ ልጆች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ነበር። ትኩሳት ኖሯቸው ደም ዝውውራቸው የተዳከመ ልጆች ፈሳሽ በፍጥነት ሲሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት በዙ። ከዚያ በፊት "እግሩ ቀዝቅዟል፣ ግሉኮስ ክፈቱለት" ቀላል ነገር ነበር። አሁን ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) ሲገባም ቢሆን ሁለት ነገር ሳታዩ ፈሳሹን አትልቀቁ። መዳፉ ነጥቷል? ከስቷል ወይስ እግሩ አብጧል? ደም ያነሰው ልጅ የሚፈልገው ደም ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳው ልብ ብዙ ፈሳሽ አይችልም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የክንድ መለኪያው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ካሳየ ከባድ የምግብ እጥረት ነው።

የደም ግፊት ደህና መሆኑ ግን አያረጋጋችሁ። ልጆች ግፊታቸውን እስከ መጨረሻው ይዘው ይቆያሉ። ሲወርድ በአንዴ ነው የሚወርደው። ከ1 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ ዕድሜውን በ2 አባዝታችሁ 70 ጨምሩበት፤ ላይኛው ቁጥር ከዚያ ካነሰ ወርዷል።

አምስተኛ፦ ንቃትና ስኳር

ንቁ ነው፤ ለድምፅ ይመልሳል፤ ለሕመም ብቻ ይመልሳል፤ ምንም አይመልስም። ከአራቱ የቱ እንደሆነ ከነሰዓቱ ጻፉ። "ሰነፍ ብሏል" ብሎ መጻፍ ለሚቀጥለው ተረኛ ምንም አይነግረውም።

ንቃቱ የቀነሰ ወይም የተንቀጠቀጠ ልጅ ሁሉ ስኳሩ ወዲያው ይለካ። አንድ ጠብታ ደም ነው። በዴሲ ሊትር ከ45 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ከሆነ ደግሞ ከ54 በታች ከሆነ፣ ስኳሩ ወርዷል። መለኪያው ከሌለ እንደወረደ ቆጥራችሁ አክሙ።

የሚንቀጠቀጥን ልጅ በጎኑ አስተኙ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ መድኃኒት ይፈልጋል። ቤተሰብ ክብሪት ጭሮ ሊያሸትተው ይመጣል። አትቆጧቸው። ከድንጋጤ ነው። ክብሪቱን በቀስታ ተቀብላችሁ "እማማ፣ እርስዎ ሰዓቱን ይያዙልን" በሏቸው። ሥራ ያገኘ ሰው ይረጋጋል።

ጨቅላው

እስካሁን ያልኩት ለሁሉም ይሠራል። ከተወለደ 28 ቀን ያልሞላው ግን የራሱ ሕግ አለው። ትልቁ ልጅ ሲታመም ያተኩሳል፣ ያስላል፣ "አመመኝ" ይላል። ጨቅላው አንድ ቋንቋ ብቻ ነው ያለው። ጡት ይተዋል። "ከትናንት ማታ ጀምሮ ጡት አልያዝ አለኝ ሲስተር" የምትል እናት ከባድ ምልክት እየነገረቻችሁ ነው።

አሁን የተወለደ ከሆነ። መንገድ ተዘግቶ ታክሲ ውስጥ ወይም በራችን ላይ የሚወለዱ አሉ። እጃችሁ ላይ ያለው አንድ ደቂቃ ነው። በደረቅና ሙቅ ጨርቅ በደንብ አድርቁት። እርጥቡን ጨርቅ ጣሉት። ጀርባውን አሹት። ካለቀሰ እናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አድርጋችሁ ሁለቱንም ሸፍኑ፤ እትብቱን ለመቁረጥ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ጠብቁ። በእግሩ አንጠልጥሎ መምታት የለም። ካልተነፈሰ አንገቱን ቀጥ አድርጉ። ጭንቅላቱ ከኋላ ትልቅ ስለሆነ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል፤ ትከሻው ሥር ስስ ፎጣ አጥፋችሁ አኑሩ። 60 ሰከንድ ሳይሞላ በአምቡ ባግ አየር ስጡ፣ በደቂቃ 40 ያህል። ደረቱ ከፍ ሲል ማየት አለባችሁ። ካልተነሳ ማስኩን አስተካክሉ። የልብ ምቱን እትብቱ ሥር በጣታችሁ ይዛችሁ ለ6 ሰከንድ ቁጠሩና በ10 አባዙ። ከ100 በታች ከሆነ አየሩን ቀጥሉ። ደረቱ በደንብ እየተነሳ ምቱ ከ60 በታች ከቀረ ደረቱን መጫን ጀምሩ፤ ሦስት ጊዜ ተጭኖ አንድ ትንፋሽ።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ያለበትን ሁኔታ የሚመዝነው የአፕጋር ነጥብ በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ ይሰጣል። ቨርጂኒያ አፕጋር እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመችው ይህ ምዘና ዛሬም ያገለግላል። ግን ነጥቡን ለመስጠት ብላችሁ አየር መስጠቱን አታዘግዩ።

ከቤት የመጣ ጨቅላ ከሆነ። ክፍሉን አሙቁ፣ እጃችሁን አሙቁ፣ ከዚያ ልብሱን ፍቱ። አስጊዎቹ እነዚህ ናቸው። ጡት አለመጥባት፣ መንቀጥቀጥ፣ ካልነኩት አለመንቀሳቀስ፣ ትንፋሽ 60 እና ከዚያ በላይ፣ የደረት ክፉኛ መሰርጎድ፣ ሙቀት 37.5 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከ35.5 በታች። ይቺን ቅዝቃዜ ሰው ይንቃታል። "ብርድ ነው፣ ይሞቃል" ይባላል። የሚቀዘቅዝ ጨቅላ ግን ከሚያተኩሰው ይልቅ ብዙ ጊዜ የባሰ ኢንፌክሽን ይዞ ይገኛል። እያሞቃችሁት ምክንያቱን ፈልጉ።

የጨቅላ መንቀጥቀጥ እንደ ትልቅ ሰው አይደለም። ከንፈሩን ይመጥጣል፣ እግሩን ብስክሌት እንደሚነዳ ያሽከረክራል፣ ዓይኑ ወደ አንድ ጎን ይሄድና ይቀራል። እጁ ብቻ እየተርገበገበ ከሆነ ያዙት። ስትይዙት ከቆመ መርገብገብ ነው፤ ስኳሩን ግን እዩ። እየተያዘም ከቀጠለ እውነተኛው መንቀጥቀጥ ነው።

እርግብግቢቱን ሲረጋጋና ቀና ሲል ዳስሱ። እያለቀሰ መወጠሩ ያለ ነው። ተረጋግቶ እያለም ከተወጠረ ማጅራት ገትር አስቡ። እትብቱን ገልጣችሁ እዩ፤ ዙሪያው ቀልቷል? ሽታ አለው? ቅቤ ወይም ሌላ ነገር ተቀብቷል? ቢጫነት በመጀመሪያው 24 ሰዓት ከታየ፣ ወይም መዳፍና የእግር ውስጥ ከደረሰ በዚያው ቀን ደም ተመርምሮ ሕክምና ይፈልጋል። "ፀሐይ አሙቂው" ብላችሁ አትመልሷት። ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ አንጀቱ ታጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ለቀዶ ሕክምና በዚያው ሰዓት ይጠራ። ሚዛን ላይ አስቀምጡት። በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ መቀነስ ተፈጥሯዊ ነው፤ ከተወለደበት ክብደት ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ ግን ወተት እያገኘ አይደለም። የኦክስጅን መለኪያውን ቀኝ እጁ ላይ፣ ቀጥሎ እግሩ ላይ አድርጉ። ልዩነቱ ከ3 በላይ ከሆነና ሲደገምም ካልተቀየረ ልቡ ይመርመር።

አራስ ቤት ከሰል ይገባል። ቡናው ይፈላል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ "ንፋስ እንዳይገባባት" ይባላል። ልጁ ደንዝዞ፣ እናቱም "ራሴን አዞረኝ፣ አመመኝ" ካለች የከሰል ጭስ አስቡ። የጣቱ መለኪያ እዚህ ላይ 98 ብሎ ያታልላችኋል። የከሰሉን መርዝ ከኦክስጅን አይለየውም። ለሁለቱም ኦክስጅን ስጡ። ቤት የቀሩትም ሰዎች እንዲወጡ ቶሎ አስደውሉ።

ትልልቆቹ

እዚህ ፈጠን ልበል። ደህና ሲጫወት የነበረ ልጅ በድንገት ካሳለና ከታፈነ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ እየበላ እንደነበር ጠይቁ። ሳሉ ቢቆምም እቃው ሳንባ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የሁለቱን ጎን ድምፅ አስተያዩ። ላምባ ወይም በረኪና የጠጣን ልጅ አታስመልሱት፤ ጠርሙሱን አስመጡ። ቃጠሎን በልጁ በራሱ መዳፍ ለኩ። ጣቶቹን ጨምሮ አንድ መዳፍ የሰውነቱ 1 በመቶ ያህል ነው። ተቅማጥ ያለበትን ልጅ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ልቀቁ። ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ከፈጀ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ውሃ መጠጣት ካቃተው ወይም ከደነዘዘ፣ ከእነዚህ ሁለቱ ካሉ ፈሳሹ ክፉኛ አልቋል። ወባ ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ከዝርዝራችን ይጠፋል። ያተኮሰውን ልጅ እናት "ሰሞኑን ክፍለ ሀገር ወጥታችሁ ነበር?" ሳትሉ አትለፉ። በዓል ደርሶ ቆላ ያለች አያት ቤት ከርሞ የመጣ ብዙ ልጅ አለ።

እናትን መጠየቅ

"ምን ሆነ?" ብላችሁ ዝም በሉ። አንድ ደቂቃ አታቋርጧት። ከዚያ "ከሌላው ቀን ምኑ ተለየብሽ?" በሏት። እኔ በዚህ ጥያቄ ያገኘሁትን በደም ምርመራ አላገኘሁም። "ለቅሶው የሱ አይደለም" ያለችኝ እናት ትዝ ትለኛለች። በምርመራ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም። አቆየነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ እርግብግቢቱ ተወጠረ።

ለጨቅላ በስንት ወሩ ተወለደ፣ የት ተወለደ፣ ወዲያው አለቀሰ ወይ፣ ምጥ ሳይመጣ ሽርት ውሃው ከፈሰሰ ስንት ሰዓት ቆየ፣ አንቺስ አተኩሶሽ ነበር ወይ በሉ። ውሃው ከ18 ሰዓት በላይ ከቆየ የኢንፌክሽን ሥጋት አለ።

ቤት ውስጥ የተደረገውን የምትጠይቁበት ድምፅ ወሳኝ ነው። "እንጥሉን አስቆርጣችሁታል እንዴ?" ብትሉ "አረ የለም" ትላለች። "ብዙ ሰው እንጥል ያስቆርጣል፣ ግግ ያስወጣል፤ እናንተ መቼ ነው ያስደረጋችሁት?" ብትሉ ቀኑን ትነግራችኋለች። የደም መፍሰስና የኢንፌክሽን ምንጭ ስለሆነ ማወቅ አለባችሁ። ቅቤ፣ ጤና አዳም፣ ፀበል ተሰጥቶት ከሆነም በዚሁ መንገድ ይወጣል። አያቲቱ አብረው ካሉ እሳቸውን በአክብሮት ጠይቁ። የቤቱን ነገር የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ደግማችሁ እዩ፣ ከዚያ ላኩ

ኦክስጅን ከተሰጠ፣ ፈሳሽ ከገባ፣ ቦታ ከተቀየረ በኋላ ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ እዩት። የጠና ልጅ በየ15 ደቂቃው።

ሪፈር ከሆነ ወደ ጥቁር አንበሳም ሆነ ወደ የካቲት 12፣ በሊያዞን (ሆስፒታሎችን በሚያገናኘው ቢሮ) በኩል አልጋ መኖሩን አረጋግጡ፣ የሚቀበለውን ሰው በስልክ አግኙ። ቸርችል ጎዳና በካርታ አጭር ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ግን አጭር አይደለም። ስለዚህ ልጁ እግረ መንገዱን ሊብስበት እንደሚችል ቆጥራችሁ አሰናዱት። ሲሊንደሩ ውስጥ ኦክስጅን አለ? አምቡ ባጉና ለፊቱ የሚሆነው ማስክ ተይዟል? ስኳሩ ተለክቷል? ጨቅላ ከሆነ እናቱ ደረት ላይ፣ ልብሷ ሥር፣ ኮፍያና ካልሲ አድርጎ ይሂድ። ከዚያ የተሻለ ማሞቂያ አምቡላንስ ውስጥ የለንም። ከቤት የሚደውል ወላጅ የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 ያገኛል። ካልደረሰለት በተገኘው መኪና ይምጣ፤ ልጁን ግን ፊቱን ሸፍኖ አይጠቅልለው።

የአምቡላንሱ በር ከመዘጋቱ በፊት አንዴ ጋቢውን ገለጥ አድርጉ። ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ቁጥሩን፣ ንቃቱን፣ የኦክስጅኑን መጠንና ሰዓቱን በሪፈር ወረቀቱ ላይኛው መስመር ላይ ጻፉ። ወዲያ ማዶ የሚቀበለው ሰው መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።